ለመንግሥት የጥበቃና የደኅንነት ባለሙያዎች የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት፦ ከየት ይጀመራል? የቱስ ይጠቅማል?

የበር ዘብ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ፣ በኮንትራክተር ድርጅት በኩል የተቀጠርሁ የታጠቀ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ከኢትዮጵያ በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ መጥቻለሁ፤ የአሜሪካ ዜግነትም አግኝቻለሁ። ከእንግዲህ የምፈልገው በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ከመፈተሽ አልፌ የሕንፃውን ጥበቃ ወደሚያጠናውና ወደሚያቅደው ባለሙያ ቦታ፣ ማለትም የፌዴራል ቅጥር ማስታወቂያዎች «ጂኤስ-0080» በሚል ቁጥር ወደሚያወጡት መደብ መሸጋገር ነው።

የቸገረኝ ኮርስ ማጣት አይደለም። የመከላከያው አለ፣ የፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት) አለ፣ የግል የሙያ ማኅበራትም አሉ፤ እያንዳንዱም ሲያልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣል። መሳቢያዬ በእነዚህ ወረቀቶች ሞልቷል። በቅርቡ ለአንድ መደብ አመልክቼ «መስፈርቱን አያሟሉም» የሚል አጭር መልስ ደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን አውጥቼ ሳገላብጥ የትኛው ለምን እንደሚጠቅም ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ። በዚህ ሙያ የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የትኛው ሥልጠና በቀጣሪ ዘንድ ክብደት እንዳለውና ለእንደኔ ዓይነቱ የኮንትራክተር ሠራተኛ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ፖቶማክ ማዶ (መልስ)፦

ይድረስ ለበር ዘብ። እኔ የምሠራው እርስዎ ሊገቡበት በሚፈልጉት መደብ ላይ ነው፤ በአንድ ሲቪል የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሕንፃ ደኅንነት ባለሙያ ነኝ። በመሳቢያዎ ካሉት ወረቀቶች አብዛኞቹ የሚመሰክሩት ኮርሱን ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ መድረስዎን ብቻ ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው የሙያ ማረጋገጫ ደግሞ ተቆጣጣሪ ባለበት ፈተና ተቀምጠው የሚያገኙትና በየተወሰነው ዓመት በተከታታይ ትምህርት ካላደሱት የሚሰረዝብዎ ነው። ኮርሱ ለፈተናው ሊያዘጋጅዎ ይችላል፤ በፈተናው ቦታ ግን አይተካም።

ለእርስዎ ሁኔታ የምመክረው መነሻ የፌማ የርቀት ኮርሶች ናቸው፤ በተለይ ከአይኤስ-1170 እስከ አይኤስ-1174 ያሉት አምስቱ። ነፃ ናቸው፣ ለማንም ክፍት ናቸው፤ የሚያስፈልገው የፌማ የተማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት ብቻ ነው። የሚያስተምሩትም በምህጻረ ቃል አይኤስሲ የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የጋራ የደኅንነት ኮሚቴ ያወጣውን መመሪያ ነው። ኮሚቴው የተቋቋመው በኦክላሆማ ሲቲ የፌዴራል ሕንፃ ላይ ኤፕሪል 19 ቀን 1995 ከደረሰውና 168 ሰዎች ከሞቱበት ፍንዳታ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለሲቪል የፌዴራል ሕንፃዎች ሁሉ የሚያገለግል አንድ ወጥ የጥበቃ መለኪያ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ልክ ስድስት ወር ሲሞላ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1995፣ በትዕዛዝ ቁጥር 12977 ኮሚቴውን አቋቋሙ፤ በኖቬምበር 2023 ደግሞ ያ ትዕዛዝ በቁጥር 14111 ተተክቷል። እርስዎ በየዕለቱ የቆሙበት በር፣ የሚያዩት ካሜራና የኤክስሬይ መሣሪያ የተመደበው በዚህ መመሪያ መሠረት ነው።

ከአምስቱ ውስጥ አይኤስ-1172ን ሁለት ጊዜ ቢወስዱት አይቆጭዎትም። ሕንፃ ከአንድ እስከ አምስት ባለው የደኅንነት ደረጃ የሚመደብበትን ስሌት የሚያስተምር ነው። ስሌቱ አምስት ነገሮችን ይመለከታል፦ የሚከናወነው ተልእኮ ክብደት፣ የሕንፃው ተምሳሌትነት፣ የሰው ብዛት፣ የወለል ስፋት፣ እንዲሁም በተከራይ መሥሪያ ቤቶቹ ላይ ያንዣበበው ሥጋት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ለምሳሌ 600 ሰው የሚሠራበትና 180,000 ስኩዌር ፊት ስፋት ያለው ሕንፃ በሰው ብዛት 3፣ በስፋትም 3 ያገኛል። ተልእኮው 2፣ ተምሳሌትነቱ 3፣ ሥጋቱ 3 ቢሆን ድምሩ 14 ይመጣል፤ ከ13 እስከ 17 ያለው ደግሞ ደረጃ ሦስት ነው። በዚያው ሕንፃ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ካለ የሰው ብዛቱ ነጥብ ወዲያውኑ 4 ይሆናል፤ ድምሩ 15 ቢደርስም ደረጃው እዚያው ሦስት ላይ ይቆያል። ደረጃ አንድና ሁለት የሆኑ ሕንፃዎች ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ፣ ከደረጃ ሦስት ጀምሮ ያሉት በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመገማሉ። ይህን ስሌት ወረቀት ሳያይ የሚያስረዳ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ይህን የምለው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ስለማውቀው ነው።

ካዝና (መልስ)፦

ፖቶማክ ማዶ የተናገሩትን እየደገፍሁ ከሌላው ወገን ልጨምር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም። ምስጢራዊ ሥራ በሚሠራ አንድ ኮንትራክተር ድርጅት ውስጥ ኤፍኤስኦ፣ ማለትም የድርጅቱ የደኅንነት ኃላፊ ነኝ። በእኛ በኩል ሥልጠና የውዴታ ጉዳይ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2021 ጀምሮ በፌዴራል ደንብነት የጸናው የኢንዱስትሪ ደኅንነት መመሪያ አንድ ኤፍኤስኦ በተሾመ በስድስት ወር ውስጥ የተመደበለትን ሥልጠና እንዲጨርስ ያስገድዳል። ምስጢራዊ ሰነድ የማያስቀምጥ ድርጅት ኃላፊ አጠር ያለውን የመግቢያ ጥቅል ይወስዳል፤ በካዝናው የሚያስቀምጥ ድርጅት ኃላፊ ግን ረጅሙን የፕሮግራም አመራር ጥቅል መጨረስ አለበት።

ሥልጠናውን የሚሰጠው ሲዲኤስኢ የሚባለው የመከላከያ የደኅንነት ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ በሜሪላንድ ሊንቲከም የሚገኝ ሲሆን ዲሲኤስኤ በተባለው መሥሪያ ቤት ሥር ይተዳደራል። ክፍያ የለውም። ለበር ዘብ የሚጠቅሙት የአካላዊ ጥበቃ ኮርሶቹ ናቸው፤ ከመግቢያው ቀጥሎ ስለ ቁልፍና መቆለፊያ ሥርዓት፣ ስለ ውጭ መብራት አተካከል፣ ስለ ጥበቃ ዕቅድ አዘገጃጀት የሚያስተምሩ አጫጭር ኮርሶች አሉት። የመብራቱ ኮርስ ለምሳሌ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊት የሚቆም ጥበቃ ዓይን ላይ የሚያበራ መብራት ጠባቂውን ራሱን እንደሚያሳውረው፣ ጥላ የሚወድቅበት ቦታም ካሜራውን ከንቱ እንደሚያደርገው ሲማሩ የቆሙበትን ሕንፃ በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ማዕከሉ ኮርሶቹን የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። ስቴፕ በተባለው ሥርዓት ተመዝግበው ከተማሩ ታሪክዎ በስምዎ ይቀመጣል፤ ለሁሉም ክፍት በሆነው የግንዛቤ ገጽ ላይ ከተማሩ ግን ሥርዓቱ ምንም አይመዘግብልዎትም። ፈተናውን አልፈው የሚወጣውን ወረቀት በዚያው ቅጽበት ካላስቀመጡ ኮርሱን አልወሰዱም ማለት ነው፤ ለማንም ቢያመለክቱ የሚያወጣልዎ የለም። በእኛ ድርጅት ሠራተኞች ወረቀቱን ሳይዙ መስኮቱን እየዘጉ ስንት ጊዜ እንደገና እንዳስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላው፣ ማዕከሉ በሴሚስተር ደረጃ በመምህር የሚሰጣቸው፣ ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ጋር የሚመጣጠኑ ኮርሶችም አሉት፤ እነዚያ ግን ለመንግሥት ሲቪል ሠራተኞችና ለወታደሮች ብቻ ናቸው። እኔም ሆንሁ እርስዎ የኮንትራክተር ሰዎች ስለሆንን በዚያ በር አንገባም።

የበር ዘብ፦

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረጃውን ስሌት ዛሬውኑ በምሠራበት ሕንፃ ላይ በልቤ ሞከርሁት፤ ቁጥሩን እዚህ መጻፍ ተገቢ ስላልሆነ ተውሁት እንጂ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። አሁን ያልገባኝ «ስፒድ» የሚባለው ነገር ነው። ማስታወቂያዎች ላይ «ኤስኤፍፒሲ ያለው ይመረጣል» የሚል ተደጋግሞ አያለሁ። ይህን ፈተና በሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ባለ ሕንፃ የሚሠራ የኮንትራክተር ጥበቃ መፈተን ይችላል? ካለፍሁስ በኋላ የሚጠበቅብኝ ምንድን ነው?

ሰነድ ያዥ (መልስ)፦

ስለ ስፒድ እኔ ልመልስ፤ በመከላከያ መሥሪያ ቤት ሲቪል ሠራተኛ ስሆን ከኤስኤፍፒሲ በተጨማሪ የአካላዊ ጥበቃውንም ማረጋገጫ ይዣለሁ። ስፒድ የመከላከያው መሥሪያ ቤት ለደኅንነት ባለሙያዎቹ ያዘጋጀው የማረጋገጫ ፕሮግራም ነው። ኤስኤፍፒሲ መሠረቱ ነው፤ የመረጃ፣ የሠራተኛ፣ የአካላዊና የኢንዱስትሪ ደኅንነትን መሠረታዊ እውቀት በአንድ ፈተና ይመዝናል። ማንም ገንዘብ ከፍሎ የሚቀመጥበት ፈተና ግን አይደለም። ፕሮግራሙ የተቋቋመው በመከላከያው ሥር ለሚሠሩ ሲቪሎች፣ ወታደሮችና ኮንትራክተሮች ስለሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ሰው በመጀመሪያ የራሱን መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። የእርስዎ መልስ «አይቻልም» ከሆነም አይዘኑ፤ ማስታወቂያው «ይመረጣል» ማለቱ «ግዴታ ነው» ማለት አይደለም፤ ብዙዎቻችን የተፈተንነውም ከተቀጠርን በኋላ ነው።

ካለፉ በኋላ የሚጠበቅብዎ በየሁለት ዓመቱ 100 የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ማሰባሰብ ነው፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በቀጥታ ከደኅንነት ሙያ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ መስሎት ያዘገያል፣ ከዚያም በመጨረሻው ወር ሌሊት ተቀምጦ የማይመለከተውን ኮርስ ሁሉ ያግበሰብሳል። እኔ የማደርገው እያንዳንዱን ኮርስ፣ ዌቢናርና ጉባኤ በወሰድሁበት ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ማስፈር ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰጠው አካል፣ የወረቀቱ ቅጂ ያለበት ፎልደር። መሥሪያ ቤቴን ብቀይርም ሠንጠረዡ አብሮኝ ይሄዳል።

ከማረጋገጫው ውጭም በሕግ የተወሰነ የጊዜ ገደብ ያለው ሥልጠና አለ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በዲሴምበር 2009 የፈረሙት ትዕዛዝ ቁጥር 13526፣ ከምስጢራዊ ምንጭ ላይ ወስዶ አዲስ ሰነድ የሚያዘጋጅና ምልክት የሚያደርግ ሠራተኛ ሁሉ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲሠለጥን ያዝዛል። ካልሠለጠነ ሥልጠናውን እስኪወስድ ድረስ ሥልጣኑ ይታገዳል። ክሊራንሱ፣ ማለትም ምስጢር የማየት ፈቃዱ፣ አልተነካም፤ ወንበሩም አልተነሣበትም፤ ግን አንዲት ገጽ ላይ ምልክት ማድረግ አይችልም። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሙሉ ሪፖርት በዚህ ምክንያት ሲዘገይ አይቻለሁ።

መቅረዝ (መልስ)፦

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። እኔ ግን ሁላችሁም በአጫጭር ኮርሶች ላይ ማተኮራችሁ የበር ዘብን ሩቅ አያደርሰውም እላለሁ። ዲግሪ አለው፤ ለምን ማስተርሱን አይቀጥልም? የ0080 መደብ የግድ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ትምህርት ልምድን የሚተካበት ሕግ አለው። ለጂኤስ-5፣ ማለትም በፌዴራል የደሞዝ እርከን ለአምስተኛው ደረጃ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ይበቃል። ከሥራው ጋር የተያያዘ ማስተርስ ያለው ሰው በጂኤስ-9 ሊመዘን ይችላል፤ ያለ ትምህርቱ እዚያ ለመድረስ ከጂኤስ-7 ጋር በሚመጣጠን ሥራ ላይ የአንድ ዓመት ልዩ ልምድ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ያን ልምድ ማሳየት ይከብደዋል።

ሌላም ያልተነሣ ነገር አለ። ወንድማችን ዲግሪውን ያገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የፌዴራል ቀጣሪ በውጭ ሀገር የተገኘን ትምህርት የሚቀበለው እውቅና ባለው የግል ገምጋሚ ድርጅት ተገምግሞ ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የግምገማው ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ካልተያያዘ ዲግሪው እንደሌለ ይቆጠራል። «መስፈርቱን አያሟሉም» የተባለውም በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ያያዙት ነበር?

የበር ዘብ፦

አላያያዝሁም። የዲግሪውን ቅጂ ብቻ ነበር የላክሁት። ሳምንቱ ሳያልፍ አስገመግመዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ፖቶማክ ማዶ (መልስ ለመቅረዝ)፦

ስለ ግምገማው የተናገሩት ወርቅ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረ ጥያቄ ነው። በማስተርሱ ላይ ግን አንስማማም። ትምህርት ልምድን የሚተካው እስከ ጂኤስ-11 ብቻ ነው፤ ለእርሱም ዶክትሬት ወይም የሦስት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ያስፈልጋል። ከጂኤስ-12 ጀምሮ በዚህ መደብ የሚቆጠረው ልምድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከኪሱ በርካታ ሺህ ዶላር አውጥቶ ማስተርስ ከሚይዝ በቅድሚያ በጂኤስ-5 ወይም በጂኤስ-7 ገብቶ ትምህርቱን መሥሪያ ቤቱ እንዲከፍልለት ቢያደርግ ይሻለዋል። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሥልጠና እንዲከፍሉ ከ1958 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ለሙያ ማረጋገጫና ለፈተና ክፍያም ሊሸፍኑ ይችላሉ። የሚሞላው ኤስኤፍ-182 የሚባል ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ሥልጠናው ከአሁኑ ሥራዎ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚጠየቁበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «እውቀቴን ለማዳበር» ብሎ የጻፈ ሰው ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ «በመጪው ዓመት የሦስት ሕንፃዎችን ደረጃ ስለምገመግም» ብሎ የጻፈው ይፈረምለታል።

ነፃ ግን አይደለም። ረዘም ላለ ሥልጠና መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ የሥልጠናውን ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል የማገልገል ውል ሊያስፈርምዎ ይችላል፤ አራት ወር ተምረው ዓመት ያገለግላሉ። ውሉን አፍርሶ የሚወጣ ወጪውን ይመልሳል። ይህን ሳያነቡ ፈርመው የግል ኩባንያ ሲጠራቸው የተያዙ ሰዎች አሉ።

የሮክቪል ነዋሪ (መልስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔም እንደ በር ዘብ በጥበቃ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሴት ነኝ፤ አሁን የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሁላችሁም የተናገራችሁት ለማደግ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ በር ላይ ለሚቀረውስ? ለእኛ የሚሰጠው ተከታታይ ሥልጠና የመሣሪያ ተኩስ፣ የዱላ አያያዝ፣ የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ማነቃቂያ እድሳት ነው። እነዚህ ካለፉባችሁ ከሥራ ትታገዳላችሁ፤ ስለዚህ ድርጅቶቹ ቀኑን አይረሱም። የሚረሱት የፍተሻውን ሥልጠና ነው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ጋኦ በ2024 ባቀረበው ሪፖርት መርማሪዎቹ ዱላ፣ በርበሬ ርጭትና ስለት ያለው መሣሪያ በቦርሳ ይዘው በ27 ሙከራዎች ወደ ፌዴራል ሕንፃዎች ሊገቡ ሞክረው ግማሽ በሚያህሉት ሙከራዎች ጥበቃዎቹ ዕቃዎቹን ሳያገኙባቸው ቀርተዋል። እነዚያ ጥበቃዎች ሰርተፊኬት አልነበራቸውም ማለት አይደለም።

የኮምፒውተር ኮርስ እያገላበጡ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በእኔ ፈረቃ የሚሠራው ሥልጠና አሥር ደቂቃ አይፈጅም፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ የማይፈቀድ ነገር ደብቆ በኤክስሬዩ ያሳልፋል፤ በስክሪኑ የተቀመጠው ምን እንዳየ፣ ለምን እንዳስቆመ ወይም እንዳላስቆመ ይናገራል። አንድ ጊዜ ጃንጥላ ውስጥ የተሸጎጠ የብረት ዘንግ ሦስት ሰው አሳልፎት አራተኛዋ ልጅ ያዘችው። ጃንጥላው ከላይ ሲታይ ሽቦው ብዙ ስለሆነ ዘንጉ ይጠፋል፤ ቦርሳውን አዙራ በጎኑ ስታሳልፈው ግን ታየ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ ያለበት ቦርሳ ሁሉ ሁለት ጊዜ ያልፋል።

ደግሞ ተጠንቀቁ። የምናውቃት አንዲት እህት «የፌዴራል ደኅንነት ባለሙያ ማረጋገጫ» እሰጣለሁ ለሚል አንድ የግል ማሠልጠኛ የወር ደሞዟን ከፍላ ያገኘችው፣ ፌማ በነፃ የሚያስተምረውን በሌላ ሽፋን ነበር።

ካዝና (መልስ)፦

እህታችን ያነሣችው የጃንጥላ ነገር ከብዙ ስላይድ ይበልጣል። ስለ ግል ማሠልጠኛዎቹም ልክ ናት፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ኤኤስአይኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር የሚሰጣቸው ሲፒፒ (ለደኅንነት አመራር) እና ፒኤስፒ (ለአካላዊ ጥበቃ) የተባሉት ማረጋገጫዎች በመንግሥትም በግሉም ዘርፍ ይከበራሉ፤ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፣ በየሦስት ዓመቱም በ60 ነጥብ ይታደሳሉ። ወደ ሳይበር ደኅንነት ለሚያዘነብሉ ሴኩሪቲ ፕላስ በሦስት ዓመት 50፣ ሲአይኤስኤስፒ ደግሞ 120 ነጥብ ይፈልጋሉ። ለበር ዘብ ፒኤስፒ ወደፊት ይመጥናል፤ ለዛሬ ግን አይደለም።

ከርእሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ኮርስ የሠራተኛ ደኅንነቱ ይመስለኛል። ክሊራንስ ሲመረመር የሚታዩትን 13 መመዘኛዎች አንድ በአንድ ያስተምራል፤ የውጭ ዝምድና፣ የገንዘብ ሁኔታ፣ የውጭ ሀገር ወገንተኝነት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቤተሰብ አዲስ አበባ መኖሩ በራሱ ክሊራንስ አያስከለክልም፤ የሚያስከለክለው መደበቅ ነው። ኮርሱን የወሰደ ሰው፣ ክሊራንስ ያለው ሠራተኛ ለግል ጉዳዩ ወደ ውጭ ሀገር ሲጓዝ አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ለጉዞ የሚያገለግል የውጭ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ማውጣትም ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ለማውጣት የሚያስብ ባለ ክሊራንስ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት የደኅንነት ኃላፊውን ያነጋግር። ሰዎች ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ካወጡ በኋላ ነው።

መቅረዝ (መልስ ለፖቶማክ ማዶ)፦

በከፊል ተቀብያለሁ። ከጂኤስ-12 በላይ ልምድ ብቻ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ጥያቄዬ ግን መግቢያውን የሚመለከት ነው፤ በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ቅጥር እገዳ ከታወጀ ወዲህ በዝቅተኛ ደረጃ የሚወጡት ማስታወቂያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። «በጂኤስ-5 ገብተህ ከዚያ ተማር» የሚለው ምክር ማስታወቂያው ሲኖር ነው። እስከዚያው ድረስ ወንድማችን ምን ይሥራ?

ፖቶማክ ማዶ (መልስ)፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ባለበት ሥራ ላይ ልምዱን ይቀይር የሚል ነው። እያንዳንዱ የጋራ ሕንፃ የደኅንነት ኮሚቴ አለው፤ ተከራይ መሥሪያ ቤቶቹ ይወከላሉ፤ የድምፃቸው ክብደትም በያዙት የቢሮ ስፋት ይመዘናል። አይኤስ-1174 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ለዚያ ኮሚቴ ስብሰባ የሚቀርቡት የክስተት ሪፖርቶች የሚነሡት ከበሩ ነው። የበር ዘብ ፈረቃ ኃላፊውን አስፈቅዶ የበሩን ክስተቶች በወር በወር በሥርዓት የሚያጠናቅር ሰው ከሆነ፣ ማለትም በየትኛው ሰዓት ወረፋ እንደሚበዛ፣ የትኛው በር ተከፍቶ እንደሚገኝ፣ የትኛው ካሜራ እንደማያሳይ ከጻፈ፣ ይህ በማመልከቻ ላይ «ጥበቃ ነበርሁ» ከሚለው ጋር አይወዳደርም። ሪፖርቱ ግን የሕንፃው ንብረት ነው፤ ቤት ይዘውት እንዳይሄዱ፣ ለማመልከቻም ዝርዝሩን እንዳይጠቅሱ።

የበር ዘብ፦

የሁላችሁንም ምክር አሰባስቤ እንዲህ ወስኛለሁ። በቅድሚያ ዲግሪዬን አስገመግማለሁ። ቀጥዬ የፌማን አምስት ኮርሶች በቅደም ተከተል እወስዳለሁ፤ ከዚያ የሲዲኤስኢን የአካላዊ ጥበቃ መግቢያ፣ የቁልፉንና የመብራቱን እጨምራለሁ። ለስፒድ ብቁ መሆኔን በድርጅቴ በኩል በጽሑፍ አስጠይቃለሁ። የእህታችንን የጃንጥላ ልምምድ ለፈረቃ ኃላፊዬ ነግሬው ደስ ብሎት ተቀብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ በመሳቢያዬ ያሉትን የቆዩ ወረቀቶች በማመልከቻዬ ላይ ሁሉንም ልዘርዝራቸው ወይስ ልተዋቸው?

ፖቶማክ ማዶ (መልስ)፦

መዘርዘር ቢፈልጉም ቦታ የለዎትም። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ በፌዴራል የቅጥር ገጹ የሚገባ ሬዙሜ ከሁለት ገጽ መብለጥ አይችልም። ማስታወቂያው «ልዩ ልምድ» በሚለው አንቀጽ ሥር የጠቀሳቸውን ሥራዎች ያስምሩባቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚመሰክር አንድ ኮርስ ካለዎት ስሙን፣ የሰጠውን አካልና ዓመቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። የደረጃ ግምገማ ከተጠቀሰ አይኤስ-1172ን፣ የቁልፍ ቁጥጥር ከተጠቀሰ የሲዲኤስኢውን የቁልፍ ኮርስ። የቀረው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። ለተመሳሳይ ኮርስ የቆየና የታደሰ ወረቀት ካለዎት የታደሰውን ብቻ ይጥቀሱ፤ የዲግሪ ግምገማውን ደግሞ በሬዙሜው ውስጥ ሳይሆን እንደ ተለየ ሰነድ ያያይዙት።